«አውጣው!»፦ በአንዲት ትእዛዝ አንቀጽ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ የዲኤስቲቪ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ መንገደኛ አንዲት ባለ አራት ፊደል ቃል ሳይሰማ አያልፍም። ቃሏ «አውጣው!» ናት። በሰዋስው ዓይን ሲታይ ትእዛዝ አንቀጽ ናት፤ የምትነገረው ለአንድ ወንድ ሲሆን ተሳቢዋ ኳሱ ነው። የታክቲክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ እንደ ተራ ጩኸት ቆጥረው አልፈዋታል፤ ስለ ሦስት ተከላካይና ስለ አምስት አማካይ ብዙ ሲባል፣ ስለ «አውጣው» አንድ ምዕራፍ የጻፈ የለም። ይህ ጽሑፍ ቃሏ ራሱን የቻለ የመከላከል ትምህርት መሆኗንና ይህንንም ትምህርት ሊረታው የቻለ አሰልጣኝ አለመኖሩን ለማሳየት ይሞክራል። ለናሙናነት የተመረጠው የአርሰናል ደጋፊ ነው። ምርጫው ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ ወባን ማጥናት የፈለገ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የተከላካይን ስህተት ማጥናት የፈለገም ብዙ ሳይደክም ወደ መድፈኞቹ ይሄዳል።

አስቀድሞ ስለ ቋንቋው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ደጋፊያችን ቡድኑ ጎል ሲያስቆጥር «አገባን» ይላል። ኳሱን የመታው ለንደን ያለ ሰው ቢሆንም ባለቤቱ ደጋፊው ራሱ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጎል ሲቆጠርበት ግን «ገባብን» ይላል። እዚህ ላይ ከባለቤትነት ወርዶ ተበዳይ ሆኗል፤ «ብን» የምትለዋ ቅጥያ ዝናብ ሲዘንብብን፣ መብራት ሲጠፋብን፣ ሌባ ሲገባብን የምትመጣው ናትና። የስፖርት ጋዜጠኞች ያንኑ ጎል «አስተናገደ» ይሉታል፤ ቡድኑ በ23ኛው ደቂቃ ጎል አስተናገደ፣ እንግዳ ተቀብሎ ወንበር እንደ ሳበ ሁሉ። እንግዲህ አንዱ ጎል ለጋዜጠኛው እንግዳ፣ ለደጋፊው ሌባ ነው ማለት ነው። በሜዳው ላይ ስለሚሆነው ነገር ሁለቱ ወገኖች የማይግባቡት ከዚህ የተነሣ ይመስላል። እንግዳ በር ላይ ሲቆም «ግባ» ይባላል፤ ሌባ ሲገባ «አውጣው»።

ወደ ማስረጃው እንለፍ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። በ1990/91 በጆርጅ ግርሃም ሥር አርሰናል 38 ጨዋታ አድርጎ 18 ጎል ብቻ ነበር የገባበት፤ የተሸነፈውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1998/99 በአርሰን ቬንገር ዘመን ቁጥሩ 17 ሆነ። ሊጉን አንድም ሽንፈት ሳይቀምስ በጨረሰበት በ2003/04 ደግሞ 26። በቬንገር የመጨረሻ ዓመት፣ በ2017/18፣ ያስተናገዳቸው ጎሎች 51 ደረሱ። (መስተንግዶው ደግ እንደነበር አይካድም።) ደጋፊው ለዓመታት ጥፋቱን በአሰልጣኙ ላይ ሲጥል ኖሮ አሰልጣኙ ሄዱ፤ ኡናይ ኤምሪ መጡ፤ በ2018/19 መጨረሻ ሒሳቡ ሲሠራ የገባበት ጎል ስንት ሆኖ ተገኘ? 51። አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ፤ መጋዘን ሹም ለተተኪው ንብረት ቆጥሮ እንዳስረከበው ዓይነት። ሰው ተቀይሮ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በሽታው ከሰው ላይ አይደለም። ደጋፊው ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ኳስ በገዛ ጎል አካባቢ ከሚገባው በላይ ይቆያል። የቆየ ነገር ደግሞ ይበላሻል።

ይህ መደምደሚያ ጭፍን ፍርሃት ነው የሚል ካለ የሕጉን ታሪክ ይመልከት። እስከ 1992 ድረስ የተጨነቀ ተከላካይ ኳሱን ወደ በረኛው መለስ ያደርግና በረኛው በእጁ አንሥቶ አቅፎት ይተኛ ነበር። አሰልቺ ነበር፤ ለልብ ግን ይመች ነበር። በዚያ ዓመት ሆን ተብሎ በእግር የተመለሰ ኳስ በእጅ እንዳይነካ ተከለከለና በረኛ እንደማንኛውም ሰው በእግሩ መጫወት ግዴታው ሆነ። በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ሕግ ተሻሻለ። ከዚያ በፊት ኳሱ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሳይወጣ ማንም ሊነካው አይችልም ነበር፤ ማለትም ሕጉ ራሱ «አውጣው» ይል ነበር። የተሻሻለው ሕግ ግን ተከላካዩ እዚያው ክልሉ ውስጥ፣ ከበረኛው አጠገብ ቆሞ እንዲቀበል ፈቀደለት። አሰልጣኞችም ደስ ብሏቸው «ከኋላ መመስረት» የሚባለውን ትምህርት እስከ ጎሉ ቋሚ ድረስ ገፉት። መመስረት ትልቅ ቃል ነው። በአማርኛ የሚመሰረተው ትዳር፣ ማኅበር፣ ፓርቲ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ሳይፈርሱ እንደሚቆዩ አንባቢ ስለሚያውቅ ጥናቱ አይዘረዝርም።

በዚያው ዓመት መስከረም 15 ቀን አርሰናል በሰንጠረዡ ግርጌ ወደነበረው ዋትፎርድ ሄደ። እስከ እረፍት 2 ለ 0 መራ። ከእረፍት መልስ በ53ኛው ደቂቃ በረኛው በርንድ ሌኖ የመልስ ምቱን በአጭሩ ለሶክራቲስ ሰጠው። ሶክራቲስ የግሪክ ሰው ነው፤ ስሙም የዚያ ጠይቆ የማይጠግብ ፈላስፋ ስም ነው። ፈላስፋው በመጠየቅ ይታወቃል፤ ተከላካዩም ኳሱን ይዞ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ውስጥ ገባ። በዚህች ቅጽበት በዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ቀርቦ ማየት ይገባል። ሻይ የያዘው ሰው ብርጭቆው ከከንፈሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል። ለውዝ ሲልጥ የነበረው ፍሬዋን በሁለት ጣቶቹ መሀል ይዞ ረስቷታል። ከኋላ ያለው ከፕላስቲክ ወንበሩ በግማሽ ተነሥቷል፤ አልቆመም፣ አልተቀመጠም። ከዚያ ቃሏ ከየአቅጣጫው ትወጣለች። ሶክራቲስ ግን ጥያቄውን ሲመልስ መልሱ የተሳሳተ ሆነ፤ ኳሱ ተቀማ፣ ቶም ክሌቨርሊም አገባው። በኋላ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ተጨምሮ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ዋትፎርድ በዚያ ቀን ወደ ጎል 31 ጊዜ ሞክሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአበው ተረት ስለ መልስ ምት ሕግ መሻሻል የተነገረ ባይሆንም እንከን አይወጣለትም።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ለሁሉም እኩል ቦታ መስጠት ግን አያስፈልግም። «ደጋፊው መቼ ኳስ ተጫውቶ ያውቃል?» የሚለው ከሁሉ ደካማው ነው። ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት ሽንኩርት ሲከትፉ ማደር አይጠበቅም። «አውጣው ባይነት አገር በቀል ኋላ ቀርነት ነው፣ መመስረት የሠለጠነው ዓለም ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህ ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ይዞ ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል መውጣትን የቡድኑ መለያ ማድረጉን ረስተዋል። መመስረት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ ድንጋጤውም እንዲሁ።

ከባዱ ተቃውሞ የቁጥር ነው። ሚኬል አርቴታ ከኋላ መመስረትን አጥብቀው የያዙ አሰልጣኝ ናቸው፤ ሆኖም በ2023/24 አርሰናል የገባበት 29 ጎል ብቻ፣ በ2024/25 ደግሞ 34 ብቻ ሲሆን በሁለቱም ዓመት ከሊጉ ትንሹ ቁጥር ነው። በረኛው ዴቪድ ራያም፣ ኳስ በእግሩ ሥር አስቀምጦ አጥቂው እስኪመጣ በትዕግሥት የሚጠብቀው ያ ሰው፣ በሁለቱም ዓመት የወርቅ ጓንት ሽልማት ወስዷል። ታዲያ መረጃው «አውጣው»ን አላፈረሰም? አላፈረሰም። አንደኛ፣ በሁለቱም ዓመት አርሰናል የጨረሰው ሁለተኛ ሆኖ ነው፤ ተቃውሞው ራሱ እያነከሰ የመጣ ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ ሰንጠረዥ የሚዘጋው በግንቦት ነው፤ ደጋፊ ግን በግንቦት አይኖርም። የሚኖረው ራያ ኳሱን በእግሩ ጫማ ረግጦ ቀና ብሎ በሚያይባቸው ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ነው። በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ የገባ ጎል የለም፤ ሊገባ የሚችለው ግን ሁሉም አለ። የቁጥር ሰዎች የሚቆጥሩት የገባውን ሲሆን ደጋፊው የሚቆጥረው ሊገባ የነበረውን ነው፤ የሁለተኛው መዝገብ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሌላው ተቃውሞ ከፊዚክስ በኩል ይመጣል፤ ተመራማሪውም በእውነቱ ትንሽ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ከለንደን ተነሥቶ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደተሰቀለ ሳተላይት ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል፣ በመሀሉም በየማሽኑ ይታሻል። አዲስ አበባ ሲደርስ ጥቂት ሰከንዶች አርጅቷል። ደጋፊው «አውጣው!» ሲል ኳሱ ወይ ወጥቷል ወይ መረብ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው ከጎን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አንዳንዴ ቀድሞ የሚጮኸው። ይህ ማለት ደጋፊው የሚያዝዘው ያለፈውን ጊዜ ነው። አማርኛ ለኃላፊ ጊዜ ትእዛዝ አንቀጽ የለውም፤ ያለው «ምናለ ባወጣው!» ነው። በሌላ አነጋገር «አውጣው» እና «ምናለ ባወጣው» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሳይሆኑ የአንድ ቃል ሁለት ዕድሜዎች ናቸው፤ የሚለያያቸው ሳተላይቱ ነው። ይህ ትምህርቱን አያዳክመውም። እንዲያውም ተከላካይ ሊታዘዘው ስለማይችል ሊሳሳትበትም አይችልም፤ ያልተሸነፈ ታክቲክ የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ግን እኮ ታዝዘውት ያውቃሉ!» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ታዝዘውት ያውቃሉ። የካቲት 5 ቀን 2011 አርሰናል በኒውካስል ሜዳ በ26 ደቂቃ ውስጥ 4 ለ 0 መራ። ከእረፍት በኋላ አቡ ዲያቢ በቀይ ካርድ ወጣ፤ አራት የነበረው ብልጫ አንድ በአንድ ተሸረሸረ፤ በ87ኛው ደቂቃ ላይ ውጤቱ 4 ለ 3 እያለ የቅጣት ምት ወደ አርሰናል ጎል ተሻገረ። የአርሰናል ተከላካዮች ምን አደረጉ? አወጡት። ኳሱ ከክልሉ ውጪ ቆሞ ወደነበረው ሼክ ቲዮቴ ሄደ፤ ቲዮቴም መሬት ሳይነካ መትቶ መረብ ላይ አሳረፈው። 4 ለ 4። ትምህርቱ በሙሉ ልብ የተሞከረበት ጨዋታ ይህ ነው ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል፤ ቃሏ «አውጣው» አለች እንጂ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። ለአንዱ መውጣት ከክልሉ መውጣት ነው፣ ለሌላው ከሜዳው መውጣት፣ ጥብቅ ወገን የሆኑት ደግሞ ኳሱ ታክሲ ተሳፍሮ እስኪሄድ ድረስ ወጣ አይሉም። ኳሱ በርቀት ተመትቶ ለተቃራኒ ቡድን ሲደርስም ይኸው ወንበር፣ ይኸው ሰው፣ በዚያው ትንፋሽ «ለማን ነው የሚመታው!» ይላል። ይህን እንደ ቅራኔ የሚያዩ አሉ። ጥናቱ እንደ ማብራሪያ ሐተታ ወስዶታል።

ወዴት ከሚለው ይልቅ የከፋው ግን ማን የሚለው ነው። ቃሏ ለ«አንተ» ተነግራለች፤ በሜዳው ላይ ደግሞ ቢያንስ አምስት «አንተ» አለ። (በ2014 በቼልሲ 6 ለ 0 በተሸነፉበት የቬንገር ሺኛ ጨዋታ በእጁ ኳስ የነካው ኦክስሌድ ቻምበርሌን ሆኖ ሳለ ዳኛው ያስወጣው ኪራን ጊብስን ነው፤ የትኛው የአርሰናል ተጫዋች የትኛው እንደሆነ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።) የካቲት 27 ቀን 2011 በዌምብሌይ የሊግ ካፕ ፍጻሜ አርሰናል ከ2005 ወዲህ ያላየውን ዋንጫ ሊያነሣ በርሚንግሃምን ገጠመ። 89ኛው ደቂቃ ነው፤ ውጤቱ 1 ለ 1። ረጅም ኳስ ተንሳፍፎ መጣና በአርሰናል ጎል ፊት ነጠረ። ሎረን ኮሲየልኒ ሊያወጣው ነበር። በረኛው ቮይቼክ ሽቼዝኒም ሊይዘው ወጣ። ሁለቱም ኳሱን ማራቅ ፈልገዋል፤ ሁለቱም ታዛዦች ናቸው። ኳሱ ከሁለቱ መሀል አምልጦ ኦባፌሚ ማርቲንስ እግር ሥር አረፈ፤ ከፊቱ ባዶ ጎል እንጂ ሌላ አልነበረም።

ለወደፊቱ ቃሏ ከተጠሪው ስም ጋር ትነገር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ኮሲየልኒ፣ አውጣው!» እስኪባል ማርቲንስ አግብቶ መጨፈር ስለሚጀምር ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። በርሚንግሃም በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ከሊጉ ወረደ፤ ዋንጫውን ግን ይዞ ነው የወረደው።