መሸኛችንን አትንኩብን

አንዳንድ ቸኳይ ሰዎች መሸኛ የሚባለው ወረቀት ይቅርልን ሲሉ እሰማለሁ። አገር የሚያፈርስ ሐሳብ ነው! ሰው ከዱርቤቴ ተነሥቶ ቡሬ ሲገባ፣ ከዱርቤቴ መነሣቱን ማኅተም ካልመሰከረለት ቡሬ መድረሱን በምን እናምናለን? ፊቱን አይተን? ፊትማ ማንም አለው።

አንድ የዱርቤቴ ልጅ በ2013 በተመረቀው የቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አገኘ እንበል። አሠሪው የቡሬ መታወቂያ አምጣ ይለዋል። የቡሬ ቀበሌ ደግሞ መሸኛ አምጣ ይለዋል። መሸኛው ያለው ዱርቤቴ ነው። ስለዚህ ቲሊሊን፣ ኮሶበርን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን እያለፈ ወደ መጣበት ይመለሳል። መንገድ ከተዘጋ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ትዕግሥት ሌላ ትምህርት ቤት የላትም።

ዱርቤቴ ሲደርስ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ የመሳቢያው ቁልፍ የኃላፊው ኪስ ውስጥ፣ ኪሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። እስከዚያ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ታስቦለት የመዋጮ ደረሰኝህን ፈልግ፣ ጉርድ ፎቶ አምጣ፣ ማመልከቻ ጻፍ ይባላል። ተወልዶ ያደገበት ቀበሌ የዱርቤቴ ሰው መሆኑን አጣርቶ የሚያምነው በሚለቅበት ቀን ነው። ሲኖር ማንም አልጠረጠረውም ነበር።

የጥበቡ ጫፍ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መሸኛ የሚሰጠው የድሮው መታወቂያ ሲመለስ ነው። አዲሱ ቡሬ ላይ ገና አልተወለደም፤ አሮጌው ዱርቤቴ ላይ ተቀብሯል። በመካከሉ ልጁ በአውቶቡስ የሚጓዝ፣ ትኬት የገዛ፣ ዳሩ ግን የትም የማይኖር ሰው ነው። ኬላ ላይ «መታወቂያ!» ሲባል ያችን አንድ ቅጠል ወረቀት ይዘረጋል። ፈታሹ ወረቀቷን ያገላብጣል፤ ልጁን ያገላብጣል። ሁለቱም ፎቶ ላይ የተሻለ መልክ ነበራቸው።

ቡሬ እንደገባ ያልፍለታል እንዳትሉ። «ማኅተሙ ደብዝዟል»፣ «ፊርማው የማን ነው?»፣ «ትክክለኛነቱ በደብዳቤ ይጣራ» የሚባል ነገር አለ። ከዚያ አከራዩ ይመጣል። ቀበሌ የቤት ቁጥርና የአከራይ ቃል ይፈልጋል፤ አከራዩ ግን ተከራይ ካስመዘገበ የኪራይ ግብር ተከትሎ እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ በየወሩ ገንዘቡን የሚቀበለውን ልጅ ቀበሌ ፊት «አላውቀውም» ይላል። ይህም ጨዋነት ነው፤ የማያውቁትን ሰው አውቃለሁ ማለት ነውር ነዋ!

ቀበሌን ያገኘነው እኮ በዋዛ አይደለም። ደርግ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ብሎ ሲያውጅ ነው የከተማ ቀበሌ የተተከለው። ደርግ ሄደ፤ ማኅተሙ ቀረ። በ2015 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣና ፋይዳ የሚባል መታወቂያ ሕግ ሆነ። የዐሥር ጣታችንን አሻራና የዓይናችንን ብሌን ይወስድና ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠናል። ይባስ ብሎ ሰነድ የሌለውን በሰው ምስክርነት እመዘግባለሁ ይላል። ምን ዓይነት መዝረክረክ ነው! ደግነቱ የቀበሌው ጠረጴዛ አልተሸወደም። ዓይንህ ያንተ መሆኑን ፋይዳ ይመስክር፤ ዓይንህ ከዱርቤቴ መልቀቁን የሚመሰክረው ግን መሸኛ ብቻ ነው።

ጀርመኖችን ተመልከቱ። ፍራንክፈርት የሚኖር ያገራችን ልጅ ወደ ሙኒክ ቢዛወር፣ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙኒክ መዝጋቢው ዘንድ መቅረብ አለበት። አከራዩ ልጁ ቤቱ መግባቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሕግ ያስገድደዋል። ከፍራንክፈርት መልቀቁንስ ማን ይናገራል? የሙኒኩ ቢሮ ራሱ ለፍራንክፈርቱ ቢሮ ያሳውቃል፤ ልጁ ሥራው ላይ እያለ! ሁለት መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳዩ በሌለበት ስለ ባለጉዳዩ ሲያወሩ ሐሜት ካልሆነ ምን ይባላል? የእኛዎቹ ግን ሰው አያሙም። የሚተላለፍ መልእክት ካላቸው በገዛ ገንዘቡ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ፣ ኬላ አልፎ የሚያደርስላቸው ዜጋ አላቸው። ፖስተኛ ሆኖ አበል የማይጠይቅ ሕዝብ ያለው መንግሥት ምን ጎደለው?

ይልቅ ቅር የሚለኝ መሸኛ በሰው ላይ ብቻ መቅረቱ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ በወተት ዓባይ በኩል ጣና ሲገባ ማን ጠየቀው? ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ ሱዳን ሲሻገር የማንን ማኅተም ይዟል? ያን ሁሉ ውኃ ያለ ግልባጭ ሸኝተን ስናበቃ አሁን ከካይሮ ጋር ብንሟገት ማን ይፈርድልናል?

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ መኖሪያውን እንዲመሠርት ነጻነት ይሰጠዋል። ከ1987 ጀምሮ እንዲህ ልቅ ሆኖ በመቀመጡ ስንቱን የዋህ አሳስቷል፤ አንብቦት ሻንጣውን የሸከፈ አይጠፋም። አንድም «መሸኛ እስካመጣ ድረስ» የሚል ሐረግ ይታከልበትና ሰው ቁርጡን ይወቅ። አለዚያ ያችን ደብዳቤ ቢሮ ለቢሮ ይላላክ። ሁለተኛው ግን ለቢሮ ሥራ ያመጣል፤ የመጀመሪያው ይሻላል።