ያልተነካው ሳህን፦ የቤት ድመት የውሃ አጠጣጥ ምርመራ

ድመት ባለበት ቤት ሁሉ፣ ከበሩ ኋላ ወይም ከማድቤቱ ጥግ፣ ውሃ የተሞላ አንድ ዕቃ አለ። ዕቃው ከሰው ማዕድ በጡረታ የተገለለ ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን ወይም ክዳኑ የጠፋ የቅቤ ጣሳ። የዚህ ምርመራ ዋና ግኝት ከወዲሁ ይነገር፦ ከዕቃው የሚጠጣ የለም። ጠዋት ይሞላል፣ በማግስቱ ይደፋል፤ በመካከሉ የጎደለ ካለ የጠጣችው ፀሐይ ናት። የሞላው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ግዴታውን የተወጣ ሰው ፊት ስለሚታይበት፣ ዕቃው የተቀመጠው ለባለቤቷ ኅሊና ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

ድመቷ ከውሃ ጋር የተጣላች እንዳይመስል። ልብስ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ስትልስ ትገኛለች (በረኪና ካለበት ይከደን)። እንግዳ ለአፍታ ፊቱን ካዞረ ጢሟ ብርጭቆው ውስጥ ነው። በደንብ የማይዘጋ ቧንቧ ካለማ ከሥሩ ቁጭ ብላ ጠብታ ትጠብቃለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በርሜሉ ደርቆ ቤተሰቡ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲራወጥ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ የምትመለከተው እሷ ብቻ ናት። ይህን እርጋታዋን ንቀት ነው የሚሉ አሉ። ምርመራው ግን ነገሩን ከኩላሊቷ ላይ አግኝቶታል።

የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ከሰው ጋር የተጎዳኘችው ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ግኝት፣ ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጎን የተቀበረ ድመት ተገኝቷል። ይህን ያህል ዘመን አብራን ስትኖር ግን የጥማት ልማዷን ከበረሃው እንዳመጣችው ይዛ ቆይታለች። ኩላሊቷ ውሃን አጥብቆ ይቆጥባል፣ ሽንቷን ያወፍራል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ድመት የባሕር ውሃ እየጠጣች መቆየት እንደምትችል አሳይቷል። ባሕሩን የቻለች ፍጥረት የተሸረፈ ሳህን ባታከብር አያስደንቅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋታል። የምትበላው ከከረጢት የሚዘረገፈውን ደረቅ ፍሬ ከሆነ፣ ከመቶው ውሃው 10 እጅ ቢሆን ነው፤ 60 ግራም በልታ ከምግቡ የምታገኘው 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የቀረውን ምላሷ ያምጣው። ምላሷን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2010 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሮማን ስቶከርና ባልደረቦቹ፣ ኩታ ኩታ የተባለውን የስቶከርን ድመት ሳይቀር በካሜራ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ ድመት የምላሷን ጫፍ ውሃው ላይ ለኮፍ አድርጋ ወደ ላይ ስትስብ ቀጭን የውሃ ዓምድ ተከትሎ ይነሣል፤ ተመልሶ ሳይወድቅ አፏን ትገጥምበታለች። ይህን በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ታደርጋለች፤ በእያንዳንዱ ልሳት የሚገባው 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ 194 ሚሊ ሊትር ለመሙላት 1,940 ልሳት፣ በሰዓት ሲተመን ስምንት ደቂቃ (ምግቡ ሰውነቷ ውስጥ ሲፈጭ የሚገኘውን ጥቂት ውሃ ትተን)። ስምንት ደቂቃ! ይህች ድመት አንድ እግሯን ሰቅላ ስትልስ ከዚህ በላይ ትቆያለች። ስለዚህ ችግሩ የአቅም እንዳልሆነ ተረጋግጧል፤ የፈቃድ ነው።

ፈቃዷ ወዴት እንደሚያዘነብል አይጥ ትመሰክራለች። የአይጥ ሰውነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው፤ በቆርቆሮ የታሸገው እርጥብ ምግብም ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ ነው። ከድመቷ ወገን ሲታይ ውሃ ማለት ሥጋ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለብቻው ሳህን ላይ መቅረቡ ወጉን ያልጠበቀ መስተንግዶ ነው። ደረቅ ምግብ የምትበላ ድመት ከሳህን አብዝታ ብትጠጣም፣ ሲደመር እርጥብ የምትበላዋን አትደርስባትም። ጎረቤታችን እማማ ስለዚሁ ሲጠየቁ፣ «ልጄ፣ ድመት ውሃ ማብዛት ከጀመረች ታማለች ማለት ነው» ብለዋል። የእንስሳት ሐኪሞችም በድንገት ውሃ የምታበዛ ድመት ኩላሊቷና ስኳሯ ይታይ ይላሉ፤ እማማ ላቦራቶሪ ሳይገቡ ደርሰውበታል።

እዚያው ቤት «ሽሮም ፈሳሽ ነው» የሚል የተቃውሞ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሽሮ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል። ወተትም እንደዚሁ፤ ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተት ስኳር ስለማይፈጭላቸው ያስቀምጣቸዋል፣ ያጠጡትን ውሃ በሌላ በር ማስወጣት ይሆናል። አንድ ነጥብ ብቻ ለሽሙጥ አይመችም፦ ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ቧንቧው ተዘግቷል፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እንጂ ነገ አይባልም።

ከሱፐርማርኬት ቆርቆሮ የመግዛት አቅም ለሌለው ቤት ሉካንዳው አለ። ሳንባ ርካሽ ነው፣ አብዛኛው ክብደቱም ውሃ ነው። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ መረቁ ለብ እንዳለ ከላዩ ይፈስበታል። ብቻውን ሙሉ ምግብ ስለማይሆን ከደረቁ ፍሬ ጋር ይደባለቃል፤ ፍሬውም መረቁን ጠጥቶ ያብጣል፣ ድመቷም ሳታውቀው ትጠጣለች። እንቅፋቱ የሚመጣው በሁዳዴ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ቢባልም፣ አመሏን የሚያስተናግደው ሉካንዳ ለ55 ቀን ይዘጋል። መፍትሔው በቅበላ ሰሞን ሳንባውን ደርቦ ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። ፌስታሉ ላይ የማን እንደሆነ ካልተጻፈበት ግን፣ በፋሲካ ሌሊት ለዱለት የሚነሣው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር አይቻልም።