ቮልሴ ታመነታለች

ቮልሴ ታመነታለች። አትቆምም፣ አትጠፋም፤ ታመነታለች። ቤንዚን ስሰጣት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ትላለች፤ አንዴ ታስነጥሳለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈትለክ። ሽማግሌ የተላከበት አባት «እስቲ እንመካከርበት» እንደሚለው ማለት ነው፤ እሺ ማለቱ ላይቀር።

ሊብሬዋን ካመንነው ከእኔ በ9 ዓመት ትበልጣለች። በአገሩ ደንብ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን ከኋላ ሆኖ እየገፋ ማን አንቱ ይላል?

ቢቸና ላይ ዳር አስይዣት የፊቱን ኮፈን ከፍቼ ካቻቢቴ ስፈልግ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው አዩ። ትርፍ ጎማና 25 ኪሎ ጤፍ ብቻ ነው ያለው። «ምነው ልጄ፣ ሞተሯን ሰረቁህ?» አሉኝ። «ሞተሯ ከኋላ ነው፣ አባቴ።» «እንግዲያማ ልቧ ከኋላ ቀርቶ ብታመነታ ምን ይደንቃል!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መቼም የመኪና ሕመም እንደ ራስ ምታት ነው፤ ዳማከሴ የማያዝልህ አላፊ አግዳሚ የለም። ባለባጃጁ «ካንዴላው ነው» አለ። የጭነት መኪናው ረዳት «ኮንደንሰሩ ነው» አለ። ሌላው «ፑንቲናው ተበልቷል» አለ። «ቤንዚኑ ነው፤ ውሃ ቀላቅለውብሃል» ያለኝ ግን ያንኑ ቤንዚን ጠዋት በሃይላንድ የሸጠልኝ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የመኪናዋን ነገር ረስቼ የቃሉ ነገር ያዘኝ። ይህ እኮ የበላይ ዘለቀ አገር ነው! አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያን እፎይ ብሎ ያልተኛበት አገር። ከሞጣ ማዶ፣ አባይ ላይ፣ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ሰበሩት የሚባለው ድልድይ እስከ ዛሬ ስሙ ሰባራ ድልድይ ነው። ጣሊያን አልተሻገረም እንበል። ካንዴላስ በየት ተሻገረ? ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ? ያ ሁሉ ጀግና ጣሊያንን ከአገር አስወጣ፤ ከኮፈን ሥር ማስወጣት ግን አልተቻለም። ኮፈን ራሱስ የማን ሆነና! ቮልሴ ደግሞ ጀርመን ናት። ጀርመን የሠራትን በጣሊያንኛ መርምረው በጎጃም ዘዬ ሲመክሯት፣ በየትኛው ቋንቋ አስባ ትነሣ? እኔም ብሆን አመነታለሁ።

ደግሞ ዘሯን ሳስብ እታገሣታለሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር። ያን ዕለት ቤንዚን ሲሰጧት አመንትታ ቢሆንስ? ወታደሮቹ ወርደው ሊገፉ ነበር? ይህን የጻፈ የታሪክ ሰው አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ እሱ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቢቸናም ሞጣም 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተለካለትን ቤንዚን ደጋ ላይም ያንኑ ያፈስሳል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ይህ በጂግለር ይስተካከላል። ማመንታት ሌላ ነው። መርገጫውን ድንገት ስትረግጠው አየሩ ቀድሞ ዘው ይላል፣ ቤንዚኑ ይዘገያል። ክፍተቷን የምትሞላ ትንሽ ፓምፕ ካርቡራተሩ ጎን ላይ አለች፤ በረገጥክ ቁጥር ጭርር ታደርጋለች። ውስጧ ያለችው ስስ ላስቲክ ከደረቀች ወይ ከተቀደደች ጭርር የለም። ለማወቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ፣ መርገጫውን እያስነኩ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ማጮለቅ ነው። ይረጫል ወይስ አይረጭም? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስት ጋራዥ ሄድኩ፤ የት የት እንደሆነ ይቅር። አንድም ያጮለቀ የለም። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፤ ሁለተኛው ኮንደንሰር፤ ሦስተኛው ሁለቱንም እንደገና። «እርግጠኛ ነህ?» ስለው «ምን ጥርጥር አለው!» አሮጌውን ኮንደንሰር ስጠኝ ስለው «ምን ያደርግልሃል?» ምን ያደርግልኛል? የእኔ ነዋ! ከመኪናዋ ጋር ከጀርመን መጥቶ ሲሠራ የኖረ ዕቃ ወዴት ገባ? በምትኩ የገባው ስድስት ወር አልቆየ! «አላውቅም» ማለት የከበደው ሰው ግምቱን በእኔ ኪስ ይሞክራል፤ ሲስት ደግሞ «ተሳሳትኩ» አይልም፤ «ሌላም ነገር አለባት» ይላል። ሦስት ሰው ያለ አንዳች ጥርጥር ተሳሳተ። በዚህ ሁሉ መሐል የተጠራጠረችው እሷ ብቻ ናት፤ ታማሚ የተባለችውም እሷው።

እሺ፣ ደሜን ላብርድ። እኔስ ለምን ራሴ አላጮለቅሁም? እውነቱን ልናገር፦ አጮልቄ ቤንዚኑ ጭርር ሲል ባየውስ? ከዚያ በኋላ በማን እፈርዳለሁ?

ሞጣ ጎበዝ መካኒክ አለ ሲሉኝ ይዣት ሄድኩ። ደብረ ወርቅን አለፍን፣ ግንደ ወይንን አለፍን፤ አንዴ እንኳ አላመነታችም። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ ጥርሱ የሚተወው ሰው አለ አይደል? ጋራዡ ግን ዝግ ነው። ለካ ቀኑ 23 ኖሯል፣ ጊዮርጊስ፤ ያውም ሞጣ ጊዮርጊስ። የመጨረሻዋ ቮልስ እንኳ ሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። እነሱ በጊዮርጊስ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ይኸው ከዚያ በኋላ አልቀናቸውም።

በሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ «ነገስ ይከፍታል?» አልኩት።

«ነገ ተክለ ሃይማኖት ነው።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ...» ብሎ አመነታ። ወደድኩት።

«ጋሼ፣ እኛ ቤት ዝክር አለ፤ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። ጠላው በብርጭቆ መጣ። «ለመሆኑ ብርጭቆ የማን ቃል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድም ያመነታ የለም።