ወተቱ ቀድሞኝ ሄዷል

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ገፍቶ ሲያስወጣህ፣ በየት በኩል እንደምትወጣ የሚቆርጥልህ ደላላ ነው። አንዱን በሰበታ፣ አንዱን በቡራዩ፣ ሌላውን በለገጣፎ ያሰናብተዋል። (ብዙ ለውጥ የለውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁላችንም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለናል።) እኔን በሰሜን በኩል አሰናበተኝ። «ሱሉልታ ማለት እኮ ጋሼ፣ አዲስ አበባ በላት! እንጦጦን መሻገር ብቻ ነው» አለኝ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ ነው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው። እነሱ የሸሹትን ብርድ እኔ ፍራሽና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ጭኜ፣ የደላላ ከፍዬ፣ ፍለጋ ወጣሁ።

ደላላው ስለ ቤቱ ብዙም አላወራም፤ ቤቱን ሳየው ምክንያቱ ገባኝ። ያወራው ስለ ወተቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ አየሩ ነው። «እዚህ ወተት እንደ ውሃ ነው» ብሎኛል። በዚህስ አልዋሸም፤ ውሃውም የለም።

የውሃውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በከተማችን ዙሪያ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች አሉ። የእኔ ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ ተራው ሲደርስ እኩለ ሌሊት ላይ እያጓራ ይመጣል፣ ባልዲ ይዘህ እስክትደርስ አይጠብቅህም። ስለዚህ ፒያሳ ስደርስ የታሸገ ውሃ እገዛለሁ። ጠርሙሱን አዙሬ አድራሻውን ሳነብ፣ ሱሉልታ። የሰፈሬ ልጅ! እንዴት አደርክ ብዬ እጠጣዋለሁ።

አየሩ እውነት ነው። ግን ለሁሉም ሳንባ አይደለም። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚህ ነው፤ ሞ ፋራህም ከእንግሊዝ ድረስ መጥቶ እዚሁ ተለማምዷል። ጠዋት ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚመጣ መኪና ካየህ ሯጭ ጭኖ ነው፤ የቀረነው ሁሉ ወደዚያ ነን።

አንድ ማለዳ ከግቢ ስወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ የቀረው ሚኒባስ ሊንቀሳቀስ ሲል አየሁና ቦርሳዬን በብብቴ ሸጉጬ፣ በቆዳ ጫማ ሩጫ ጀመርኩ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሯጮች ናቸው፤ ተሰልፈው፣ እያወሩ፣ ይባስ ብለው እየሳቁ፣ በግራና በቀኝ አለፉኝ። በዚያ ዳገት ላይ ለሳቅ የሚተርፍ ትንፋሽ ከየት ይመጣል? የመጨረሻዋ ልጅ ዘወር ብላ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «በርቱ ጋሼ!» አለችኝ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲመለከት ነበርና ሹፌሩን አስቆመልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ለኦሎምፒክ ነዎት ለአዲሱ ገበያ?» መልሱን እስክናገር እንጦጦ አናት ላይ ደርሰን ነበር።

አክስቴ ደግሞ ሱሉልታ መግባቴን ስትሰማ «ሀገር ቤት ገባ» ብላ ለዘመድ አዳረሰች። ስልክ ስትደውልልኝ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ሩቅ ነኝና እንዳይጠፋብኝ። «እንግዲህ ለፋሲካ ቅቤውንም አይቡንም ካንተ ነው የምንጠብቀው» አለችኝ። እምቢ አይባልም። ሾላ ገበያ ሄድኩና በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ገዝቼ ወሰድኩላት። ገና ስትፈታው አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች።

«አየህ» አለች፣ «የሾላ ቅቤ መቼ እንዲህ ይሸታል!»

ዋናው ጉዳይ ግን ወተቱ ነው። ላሞቹን በመስኮቴ አያቸዋለሁ፤ ድርቆሻቸውን እያመነዠኩ እነሱም ያዩኛል። ወተታቸው ግን ጎህ ሳይቀድ መኪና ላይ ይወጣል። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ (በምን ውሃ?) እሱ እንጦጦን ተሻግሯል። ማታ ከሥራ ስመለስ ከአዲስ አበባ ሱቅ በላስቲክ የታሸገውን ገዝቼ እመጣለሁ። ወተቱም እንደ እኔ ደርሶ መልስ ውሎ ገባ ማለት ነው፤ የሁለታችንንም የትራንስፖርት ሒሳብ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ላሞች አሏቸው። አንድ እሑድ ወኔዬን አሰባሰብኩና «አካም ቡልታን» ብዬ ገባሁ። ደስ አላቸው። ወንበር ተሳበልኝ፣ ቡና ተፈላ። በረካው ላይ ስንደርስ ጉዳዬን አነሣሁ።

«ወተቱንማ ነጋዴው በኮንትራት ይዞታል ልጄ፤ ጠብታ አይቀርም» አሉ። ወዲያው ፊቴን አይተው አዘኑልኝ። «ቆይ፣ ረቡዕና ዓርብ ለምን አትመጣም? ያን ቀን እሱም ብዙ አይፈልግም፣ ይተርፈናል።»

«እማማ፣ ረቡዕና ዓርብ እኮ ጾም ነው።»

«ታዲያ በምን ምክንያት የተረፈ መሰለህ?» አሉና ሲኒዬን ተቀበሉኝ። «ደግሞ ሁዳዴ እየመጣልህ ነው። 55 ቀን ሙሉ እንደ ልብህ ትቀዳለህ፤ ዕቃህን ከአሁኑ አምጣና አስቀምጥ።»