የቲሸርት ጣጣ

ፀረ ኤድስ ክበብ የገባሁት ለቲሸርቱ ብዬ ነው። ሃያ ዓመት ስላለፈው ዛሬ ብናዘዝ የሚቀጣኝ የለም። ነጭ ቲሸርት ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን፣ ጀርባው ላይ ደግሞ አንባቢው ሳይጨርሰው ለባሹ የሚርቅበት ረጅም መፈክር ነበረው።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። ከግራና ወጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። ያሉኝ ሸሚዞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ገመድ ላይ ነው። ስንቄ እሑድ እሑድ ይመጣል፦ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ ሲገኝ ደግሞ የግራና ብርቱካን። ብርቱካኑን ለክፍል ልጆች እያደልኩ ለመወደድ ሞክሬ ነበር፤ የተወደደው ብርቱካኑ ነው።

(ግራናን ለማታውቁ፦ «ቆቦ ግራና ሸለቆ» የሚለውን የልማት ፕሮግራም ስም የሰማ ሁሉ ግራና የቆቦ ቀበሌ ትመስለዋለች። ቆቦ ከወልድያ ወዲያ ነው፤ እኛ ከወልድያ ወዲህ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ገባ ብለን ነን። ይህን ስናስረዳ አረጀን።)

በዚያ ዓመት ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን መጣ። ከሳተላይት የሚወርድ እንግሊዝኛ ሲሮጥ ይውላል፤ መምህሩም እኛም እናየዋለን። ራሱ ይጠይቃል፣ ልናስብ ስንል ራሱ ይመልሳል። ተማሪ አፉን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ክበብ ውስጥ ነበር። እኔም የሌለሁበት ክበብ አልነበረም። ቀይ መስቀል ገብቼ የጓደኛዬን ክንድ በፋሻ አጥብቄ ጠቀለልኩትና በመጨረሻ በመቀስ ተገላገልን። ሚኒ ሚዲያ ለዜና አንባቢነት ስፈተን ኃላፊው «ድምፅህ ለግድግዳ ጋዜጣ ይሆናል» ብሎ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክበብ መራኝ።

ግድግዳ ጋዜጣችን ካርቶን ላይ በፓርከር የሚጻፍ ነበር። ስለ አገር ፍቅር ነው ብዬ አንድ ግጥም ለጠፍኩ፤ የየስንኙ መነሻ ፊደል ወደ ታች ሲነበብ የአንዲት ልጅ ስም መሆኑን ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ በአንድ እረፍት ደረሰበት። ከእኛው ደሴ፣ ከወይዘሮ ስኂን የወጣው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣት አጭር ጽሑፍ አገር እስከ ዛሬ ታከራክራለች። የእኔዋን በሁለተኛው ቀን ዝናብ ወሰዳት። ልጅቷም ዝናቡን አመሰገነች አሉ።

እንግዲህ የቀረኝ ፀረ ኤድስ ነበር፤ ቲሸርቱም እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ ያልነካው ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ስሙ ግን አይነሳም፣ «በዚያ በሽታ» ይባላል። ሬዲዮው «የቀን ቅኝት» የሚባለውን ድራማ ሲያሰማን ከርሞ ነበር። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች መቅድምና ተስፋ ጎሕ የሚባሉ ማኅበራት አቋቁመው፣ በአደባባይ ቆመው ስለ ራሳቸው ይመሰክሩ ጀምረዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ መዘዜ ከእሷ ነው።

ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ክበባችን ድራማ ይዞ በገበያ ቀን ግራና እንዲወርድ ተወሰነ። የኔ ድርሻ ከሚሌ በሽታ ይዞ የተመለሰ የከባድ መኪና ሹፌር መሆን ነው። ይህን ያገኘሁት በችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ከክበቡ ሁሉ የከሳሁት እኔ ነበርኩ።

አይሱዙ ላይ ተጭነን ወረድን። ፊቴን በጠመኔ ብናኝ አነጡት፣ ጉንጬን በከሰል አጎደጎዱት። ግራና ደግሞ ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ጠመኔው ከላብ ጋር ወደ አፌ ወረደ። በቴፕ «ማለባበስ ይቅር» የሚለው ዘፈን ከተከፈተ በኋላ፣ የመድረክ መሪያችን ድምፅ ማጉያውን ይዞ «አሁን ደግሞ የዚሁ የግራና ልጅ...» ብሎ ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ «የሕይወት ታሪኩን ያካፍላችኋል!» አለ። ድራማ የሚለውን ቃል ረሳው። እኔም ወጣሁ፣ ጠመኔው አንቆኝ ደህና አድርጌ ሳልኩና «ወገኖቼ፣ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» አልኩ።

ገበያው ጸጥ አለ። እንደዚያ ቀን ተመልካች አግኝቼ አላውቅም። ከማሽላ ሻጮቹ በኩል «እኔን አፈር ያርገኝ!» የሚል ድምፅ ሲነሳ በትወናዬ ተደስቼ ሳሉን ጨመርኩበት።

ማታ እቤት ስገባ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። እናቴ ገበያ አልወጣችም ነበር።

«በሰው አፍ ልስማው?» አለችኝ።

«ድራማ ነው፣ እማ።»

«አታለባብስ!»

የከፈትነው ዘፈን ራሴ ላይ ዞረ። ከዚያ በኋላ «የለብኝም» ባልኩ ቁጥር መደበቅ ሆነ፤ ደብቆ የሞተውን ሁሉ እየጠሩ ያለቅሱልኛል። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ስትቀዳ ለሁሉም በስኒ፣ ለእኔ በላስቲክ ኩባያ አደረገችልኝ። እናቴ ኩባያውን ከእጄ ተቀብላ ጠጣችበትና የራሷን ስኒ ሰጠችኝ። ሴቶቹ እጣን አጭሰው ዱዓ ያዙ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ የማርያምን ጠበል በጀሪካን ይዘው ደረሱ። በወሎ ደንብ አሚንም አልኩ፣ ጠበሉንም ጠጣሁ። ሸሁ ትከሻዬን መታ አድርገው «አብሽር፣ አላህ የማይችለው የለም» አሉኝ። ድራማ ነው ልላቸው ብዬ አሳዘኑኝ።

በሳምንቱ ወልድያ ሄጄ ተመረመርኩና ወረቀቱን አመጣሁ። ኔጌቲቭ ይላል። ሬዲዮ የሚጠግነው አጎቴ አነበበውና ፊቱ ጠቆረ። ባትሪ ሲገባ ፖዘቲቩ የት፣ ኔጌቲቩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው፤ «ኔጌቲቭማ የጎደለው ነው» አለ። ልቅሶው እንደገና ተጀመረ።

ያ ሁሉ ያስቃል፤ የማያስቀኝ ሌላ ነገር አለ። በድራማው ማግስት፣ ሲመሻሽ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ አንድ ሰው ጠበቀኝ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

«እንዴት ደፍረህ ተናገርክ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«የት ነው የሚመረመሩት? ስም ይጠይቃሉ?»

ለእናቴ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ድራማ ነው ስል ያመሸሁ ሰው፣ ለእሱ አላልኩትም። ወልድያ መሆኑን ነገርኩት። 952 ስልክ በነፃ እንደሚመልስ፣ ስም እንደማይጠይቅ ነገርኩት፤ ከክበቡ በእርግጠኝነት ይዤ የወጣሁት እሷን ቁጥር ነበር። «አንተ እንዴት ነህ ታዲያ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ ይኖራል» አልኩ። ከመልሴ እውነቱ ደህና መሆኔ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ተጀመረ። ሰውየው ደርሶበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ፊቱን አላየሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግራና ገበያ ወረድኩ። ወፍሬያለሁ፣ ራሴም ሸብቷል። አንዲት ብርቱካን ሻጭ አሮጊት ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንተ... ያ ልጅ አይደለህም? የኤድሱ?»

«ነኝ እማማ።»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አጠገባቸው ያሉትን ሴቶች ጠሩ። «ኑ እዩት! ዱዓችን ያዘ!»

ከቦርጬ እስከ ሽበቴ ተራ በተራ አዩኝ።

«አዎ እማማ፣ ያዘ» አልኩ።

ሁለት ኪሎ ብርቱካን መዝነው ሰጡኝ፤ ገንዘቡን ግን እምቢ አሉ።