እትዬ፣ ስለቴን አስገቢልኝ

ይድረስ ለውድ እትዬ። ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ ጋሼ ካሉ ግን ስለ ጣና የጻፍኩትን ዝለዪው።

እኔ ከናፍቆታችሁና ከቀኝ ጆሮዬ በስተቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጆሮዬ በቦታው አለ፤ በመስታወት አይቼዋለሁ። ብቻ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። በዚያ ወጡ ባረረበት ሰርግ ላይ "ወንድሜ አሜሪካ የራሱ ደሴት አለው" ብለሽ እንዳወራሽ ሰምቻለሁ። ደውለው የነገሩኝ ሰዎች በሙሉ ነግረውኝ ሲያበቁ ብድር ጠይቀውኛል። እትዬ፣ ደሴት የለኝም። ያለኝ የቁልፍ ዘለላ ነው። ባለጠጎቹ ሐምሌና ነሐሴን ተዝናንተውባቸው የሚሄዱት ቤቶች አሉ፤ ቧንቧቸው በርዶ እንዳይፈነዳ ውሃውን አፈስሳለሁ፣ ጣሪያቸው እንዳይደረመስ በረዶውን በአካፋ እዝቃለሁ፣ ማታ ማታ እየዞርኩ በራቸውን እነካካለሁ። እኛ ሰፈር ቢሆን ካፖርትና ዱላ ሰጥታችሁ ዘበኛ ትሉኝ ነበር። ካፖርቱስ አለ፤ የቀረኝ ዱላው ነው።

ለእማዬ ደግሞ ደስ የሚላትን ልንገራት። የምኖረው ከሐዋርያት ጋር ነው። ደሴቶቹን በጅምላ "የሐዋርያት ደሴቶች" ይሏቸዋል፤ ያሉትም ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ነው። ችግሩ ሐዋርያቱ 12፣ ደሴቶቹ 22 መሆናቸው ነው። የተረፉት አሥሩ እነማን እንደሆኑ ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም፤ እማዬ የንስሐ አባቷን ትጠይቅልኝ። ከሁሉም ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባት የእኔዋ ማድሊን ብቻ ናት። ርዝመቷ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በብርዱ ወራት የሚቀረው ሰው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ለአገሩ ባለቤቶች፣ ለኦጂብዌ ሕዝብ፣ ቅድስት ምድር ናት፤ በፈረንጆቹ 1854 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የመሬት ውል የፈረሙትም እዚሁ ላ ፖይንት መንደር ነው። ማድሊን የአንዲት የኦጂብዌ ባላባት ልጅ የክርስትና ስም ነው። ሚሼል ካዶት የሚባል የቆዳ ነጋዴ አገባት፣ ደሴቷም በስሟ ተጠራች። ያገባች ሴት እንዲህ ደሴት ይሰየምላታል። ያንቺው ባል በልደትሽ ቀን ምን እንደሰጠሽ እኔ አላነሣም፤ ባልዲው ግን ደህና ነው?

አሁን ጋሼን ወደ ውጭ ላኪያቸው። ይህ ሐይቅ ስፋቱ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣናን ሃያ ጊዜ ብትገለብጪበት ሞላሁ አይልም። ጥልቀቱ 406 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ፤ የእኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። ጋሼ ይህን ከሰሙ "የት አባቱ! ጉማሬ አለው?" ማለታቸው አይቀርም። የለውም። በዚያስ እንበልጣለን፤ ይጽናኑ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ይረጋል እልሻለሁ። ሐይቁ በሙሉ እንኳ ባይሆን፣ በእኛና በየብሱ መካከል ያለው ይረጋል። እስከ ጥር አካባቢ ጀልባ አለ፤ መኪናውንም ሰዉንም ጭኖ በ20 ደቂቃ ቤይፊልድ የምትባል ከተማ ያደርሳል። ከዚያ በረዶው ጀልባዋን ማስቆም ይችልና መኪና ለመሸከም ግን ገና ጨቅላ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያሻግረን ከኋላው የአውሮፕላን ፕሮፔለር የተገጠመለት አንድ ጉደኛ ተንሸራታች ነው። በረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ በረዶው ከከዳውም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጩኸቱ ግን አይጣል ነው፤ የግራ ጆሮዬ የቀኙን ዕድል የተመኘው እዚያ ውስጥ ነው። ትንንሾቹ ልጆች እዚሁ ደሴቱ ላይ ይማራሉ፤ አምስተኛ ክፍልን የጨረሱት ግን ትምህርት ቤታቸው ከማዶ ስለሆነ በዚህ ነገር ተሳፍረው ይሄዳሉ። ልጅሽ ባጃጅ ጠፋ ብሎ ከትምህርት ቤት የሚቀር ቀን ይህችን አንቀጽ አንብቢለት።

በመጨረሻ በረዶው ሲጠና መንገድ ይሆናል። የተጠረገ፣ መኪና በግራና በቀኝ የሚተላለፍበት የደህና ደህና መንገድ። እዚህ ሰው የገና ዛፉን አይጥልም፤ በዓሉ ሲያልፍ ዛፎቹ ተሰብስበው በመንገዱ ዳር በረዶው ላይ በተርታ ይተከላሉ፤ ውሽንፍር ሲነሣና ሰማይና ምድሩ አንድ ሲሆን ሰው በእነሱ እየተመራ ይገባል። በፈረንጆቹ 2024 ብርዱ ሳይበረታ ቀርቶ ጀልባዋ ያለማቋረጥ ሠርታ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ያችን ዓመት ዛሬም ፊታቸውን አጨማደው ነው የሚያነሷት። ጀልባ ያስከፍላል፣ በረዶው ነጻ ነው። በገንዘብ ነገር ፈረንጅና ጋሼ ወንድማማች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የኪዳነ ምሕረት ሰሞን እንጀራዬ አለቀ። እንጀራ ያለው የእኛ ሰዎች የሞሉበት ሚኒያፖሊስ ነው፤ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሄድኩ፤ እንጀራ ገዛሁ፣ በርበሬ ገዛሁ፣ ከእንግዲህ አልለምንም ብዬ የኤሌክትሪክ ምጣድም ገዛሁና ቤይፊልድ ደረስኩ። መኪናዬ እንደ ጌታዋ ብርድ ስለማትወድ እዚያው ታድራለች። በረዶው ላይ ያሳፈረኝ ጎረቤቴ ጋሽ ጢሞ ነው። በስሙ ስጠራው አቤት አይልም፤ በጢሙ ስጠራው ይስቃል። ምጣዱን ታቅፌ ገባሁ።

ሞተሩን አስነሣና አዘዘኝ፦ ቀበቶህን ፍታ። መስኮትህን ክፈት። በሩን እንዳትቆልፍ። ብርዱ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነው። "መስኮቱን ለምን?" ብለው "ከገባን በዚያ እንድንወጣ" አለኝ፤ ቡና አፈሉ ብሎ እንደሚጠራ ሰው በለዘበ ድምፅ። ወዴት እንደምንገባ አልጠየቅሁም። ደግሞ አይፈጥንም። መኪና ከፈጠነ ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ማዕበል ይሠራና ፊት ለፊት ያለውን ይሰነጥቀዋል አሉ። እኔ ቶሎ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ ቶሎ ማለፍ ደግሞ ያሰምጣል። እስቲ ይህን ፍረጂኝ!

ትንሽ እንደሄድን ከሥራችን ድው! አለ። "ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ጧፍ አስገባለሁ!" አልኩ።

የሐይቁ መሀል ስንደርስ ከፊታችን ፒክአፕ መጣ። እትዬ፣ ፈረንጅ ሰላምታ አያውቅም፣ ጥድፊያ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ጋሽ ጢሞ መኪናውን አቆመ፤ ያኛውም አቆመ። ሞተራቸውን አጠፉ። ወረዱ! እንዴት ከረማችሁ፣ ማገዶው በቃችሁ ወይ፣ ውሻውስ፣ የውሻው እግርስ ተባባሉ። ጎጃም ገበያ ዳር የቆምኩ መሰለኝ፤ ልዩነቱ ከገበያው ሥር ጥቁር ውሃ መኖሩ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ኋላ ለጀልባ እንዳይከፍሉ በነጻው መንገድ የቤት ዕቃ ሲያመላልሱ ሰንብተው አሮጌ ሶፋቸውን ተጎታች ላይ ጭነው ወደ ማዶ መውሰዳቸው ነው። ሴትየዋ "ቆመን ምን ያስወራናል?" አለችና ሸራውን ገፈፈችው። ሶፋውን አወረዱት። ሐይቁ ላይ! ባለ ሦስት ሰው ነው፤ እኔን እንግዳ ስለሆንኩ መሀል አስቀመጡኝ። ምጣዴ ጭኔ ላይ፣ ፊት ለፊቴ የገና ዛፍ። ቴርሞስ ወጣ፣ ቡና ተቀዳ።

ድው! "ጃንጥላ!" አልኩ።

"አትፍራ" አለ ጋሽ ጢሞ፤ "የሚጮኸው ስለሚጠነክር ነው። ዝም ሲል ነው መፍራት።"

ከዚያ ዝም አለ።

"ምንጣፍ! የቅድስቱን ምንጣፍ በሙሉ!"

ሴትየዋ ልታጽናናኝ ይመስለኛል "አገርህ የት ነው?" አለችኝ። ሐይቅ ዳር ነው የተወለድኩት አልኳት። ደስ አላቸው። "በረዶው ስንት ይወፍራል?" አሉ። በረዶ የለውም፣ በታንኳ ነው የምንሄድበት አልኩ። "ታንኳው የምን እንጨት ነው?" እንጨት አይደለም፤ ደንገል ነው፤ ሣር በሉት። ሲኒያቸውን አወረዱ። "ሣር?" ሣር። "ውሃ አያስገባም?" ማስገባቱንስ ያስገባል፤ ሲጠጣ ዳር አውጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። "ስንት ዓመት ያገለግላል?" ዓመት አትበሉ፤ ጥቂት ወር። "ከዚያስ?" ይበሰብሳል፣ ሌላ እንሠራለን። "ከሥሩስ ምን አለ?" ጉማሬ።

ማንም አልተናገረም። ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ። ሰውየው ሁለት ቶን ብረት በረጋ ውሃ ላይ ገትሮ፣ ከነሚስቱ ሐይቅ መሀል ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ "ልጄ፣ ይህ እብደት ነው" አለኝ። አገሬ ስገባ በዚያ ነገር እንዳልሳፈር ማልልኝ ብሎ ያዘኝ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለጋሼ በፖስታ እልክላቸዋለሁ ብሏል፤ ስፋታቸውን ጠይቆኝ አሳየሁት፤ ሁለት ይበቃቸው ይሆናል አለ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት የእስከዛሬው ሁሉ ቀልድ ነበር የሚያሰኝ ድው! መጣ። ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል መስመር ሆኖ ተጠማዝዞ በሶፋው እግሮች መካከል አለፈ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። "እዚህ አልነበረም" አለ አንዱ። ተነሡ፤ ሶፋውን አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አደረጉ፤ ተመልሰው ተቀመጡና በረካውን ቀዱ። እኔ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው፦ "ክብራን ገብርኤል፣ ወይፈን!"

ቤቴ በሰላም ገባሁ። ምድጃዬን አቀጣጠልኩ፣ እንጀራዬን ዘረጋሁ፤ ያን ሁሉ ጉድ ይዤ የምነግረው ሰው ግን የለም። በታኅሣሥ እዚህ በአሥር ሰዓት ተኩል ጨልሟል፤ በየካቲት ትንሽ ቢሻልም ሌሊቱ ያው ረጅም ነው። ልደውልላችሁ ስል ባሕር ዳር እኩለ ሌሊት አልፏል። ለገናም እንዲሁ ነበር፤ ቡና አፍልቼ "ኑ ቡና ጠጡ" ብዬ በሩን ከፈትኩት፤ የገባው ብርድ ብቻ ነው። ድምፄን ሰምቼ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ለእማዬ ይህችን አታንብቢላት። ደግሞም አሁን ሰው አላጣሁም፤ የጋሽ ጢሞ ውሻ ቡና በሸተተው ቁጥር ይመጣል። የሶፋውን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ልክ ባልሽ በሚተኛበት ቦታ ላይ፣ ዋናው ነገር ሲደርስ፣ አንኮራፋ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ጧፉ፣ ጃንጥላውና ምንጣፉ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ስለሆኑ አንቺ ዘጌ ተሻግረሽ ታስገቢያቸዋለሽ። ከጣና ዳር ተወልደሽ ከጉልበት በላይ ውሃ እንደማትደፍሪ አውቃለሁ፤ በሞተር ጀልባ ሂጂ፣ ገንዘቡን ልኬያለሁ። ጃንጥላው ቀይ ይሁን፣ ዘርፉ ደህና ይሁን፤ እንደዚያኛው ጊዜ ርካሽ ገዝተሽ በመልሱ ነጠላ እንዳታጠልቂ። አስቸጋሪው ወይፈኑ ነው። ክብራን ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ባልሽ መሄዱ ነው። ወይፈን ጀልባ ላይ እንዴት እንደሚጫን ጋሼን ይጠይቅ፤ ከጉማሬ ታገልኩ የሚሉ ሰው ይህ አያቅታቸውም። ብቻ ከዚያ በፊት የንስሐ አባታችንን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ በድንጋጤ የተሳሉት ወይፈን በሙክት ይለወጥ እንደሆነ። የወይፈን ዋጋ ስንት እንደደረሰ ነግረሽኛል።

መልሱን ቶሎ ላኪልኝ። በርበሬው ለፋሲካ አይደርስም፣ በረዶው ሳይቀልጥ ያንን መንገድ እንደገና ማለፌ አይቀርም፤ ከወይፈን በላይ የምሳለው ደግሞ የለኝም።

የዘወትር ናፋቂሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ