የተማሪ አጣጣል ዘዴ

የተከበሩ መምህር፣ ስምዎ በኮሪደሩ በሹክሹክታ እንዲጠራ ከፈለጉ ሥራው የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ክፍል ሲገቡ ሰላምታ አያብዙ። ኮርስ አውትላይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያድርጉና «ኤ የፈጣሪ ነው፣ ቢ የእኔ ነው፣ የተረፈውን እናንተ ትካፈሉታላችሁ» ይበሉ። ቀልዱ አርጅቷል፤ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ኮሎምበስ እስኪደርስ ጥርሱ ረግፏል፤ ማስፈራቱን ግን አልተወም። ቀጥለው «ከእናንተ ግማሹ ሴሚስተሩን አይጨርስም» ይበሉ። ትንቢቱ መፈጸሙን አይጠራጠሩ፤ ፈጻሚውም እርስዎ ነዎት።

ተማሪዎ ማን እንደሆነ አይጠይቁ። ከብሌንደን ታውንሺፕና ከአካባቢው ተነሥቶ፣ ክሊቭላንድ አቬኑን ይዞ በሚወርደው ሲማክስ አውቶቡስ መሀል ከተማ ኮሎምበስ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚደርሰው የሐበሻ ልጅ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ አድሮ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ደግሞ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ሲያስተረጉምላት አርፍዶ ይሆናል። ይህን ማወቅ ምን ይረባዎታል? ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ እንደነበረም ማስታወስ የለብዎትም፤ እርስዎ በልብዎ የሚያስተምሩት ሌላ ቦታ ነው፤ እንጀራዎ ብቻ እዚህ ጥሎዎታል። ልጁ አምስት ደቂቃ ከዘገየ በሩን ይቆልፉ። ቆልፈው ሲያበቁ ስለ ሰዓት አክባሪነት የሃያ ደቂቃ ንግግር ያድርጉ፤ ትምህርቱ ይጠብቃል።

ወደ ማስተማሩ ሲደርሱ ስላይድዎን ያንብቡ። በየሦስት መስመሩ «ግልጽ ነው?» ብለው መልስ ሳይመጣ ይለፉ። ሜሪ ባድ ራው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በልጆች የሳይንስ ክፍሎች እንዳየችው፣ መምህራን ጥያቄ አቅርበው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው፤ ይቆጥቡት። የሐበሻ ልጅ ዝምታማ ለእርስዎ ሲሳይ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቱን እንዲደፋ እየተነገረው አድጓል፤ መምህርን መጠየቅ መዳፈር፣ ዓይን ለዓይን ማየትም ብልግና ይመስለዋል። ዝም ሲል «ገብቶታል» ብለው ይለፉ፤ ሲወድቅ ደግሞ «ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?» ይበሉት። የቢሮ ሰዓትዎን በአውትላይኑ መጨረሻ ገጽ በትንንሽ ፊደል ያስፍሩ። ብዙ ተማሪ ያ ሰዓት ለእርሱ የተመደበ መሆኑን አያውቅም፤ መምህሩ በሩን ዘግቶ የሚሠራበት፣ መረበሽ የሌለበት ሰዓት ይመስለዋል። አያርሙት። ሥልጠና ከተጠራም ይሂዱ፤ አገር ቤት ኤች.ዲ.ፒ. የሚባለውን የመምህራን ሥልጠና የወሰዱ ባልደረቦችዎ እንዳደረጉት ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ስላይዱን እንደነበረ ይተዉት።

ዋናው ጥበብ ያለው ፈተናው ላይ ነው። ያስተማሩትን አይፈትኑ፤ ያስተማሩትን መፈተን ተማሪው የሚጠብቀው ነገር ነው። ከተጻፈ ዓመታት ካለፈው ሃንድአውት የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ይምዘዙና ሃያ ነጥብ ይስጧት። የታረመውን ወረቀት ከስድስት ሳምንት በፊት አይመልሱ፤ ተማሪው ስህተቱን በጊዜ ካየ ሊያስተካክለው ይችላል፣ ያኔ ስምዎ ይበላሻል። ሲመልሱም ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ለምን እንደሳተ የምትናገር አንዲት መስመር እንኳ አይጨምሩ። አገር ቤት ከሆኑ ውጤቱን በሩ ላይ ይለጥፉ። አሜሪካ የተማሪን ምስጢር የሚጠብቅ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ስላለ መለጠፍ አይችሉም፤ ግን ማን ከለከለዎት፣ የክፍሉን አማካይ ጮክ ብለው አንብበው ራስዎን መነቅነቅ ይችላሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከባልደረቦችዎ ጋር ቡና እየጠጡ «ዘንድሮ ከአርባ ሃያ ስድስቱን ጣልኩ» ይበሉ። ይህን ሲሉ ድምፅዎ ላይ ጥቂት ሐዘን ይጨምሩበት፤ ኩራቱ እንዳይታይ።

ኧረ ለመሆኑ ተማሪ መጣል መቼ ነው ሙያ የሆነው? ሃያ ስድስት ሰው ከፍሎ፣ እንቅልፉን አጥቶ፣ ለአራት ወር ፊትዎ ተቀምጦ ምንም ሳይማር ከወጣ፣ ያ ቁጥር የማን ውጤት ነው? የሰነፍ ተማሪ ብዛት ከሰነፍ መምህር ስንፍና ጋር ተቀላቅሎ አንድ ስም ወጥቶለት «ጥብቅነት» ተባለ፤ ሁላችንም አምነን ተቀመጥን! ይቅርታ፤ ወደ ምክራችን እንመለስ።

ጠላቶችዎ ማስረጃ ይዘው መምጣታቸው አይቀርምና መልስዎን ያዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ተማሪው ቁጭ ብሎ በሚያዳምጥበት ክፍል በአማካይ 33.8 በመቶ ሲወድቅ፣ እየሠራና እየተወያየ በሚማርበት ክፍል ግን የሚወድቀው 21.8 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል። «የእኔ ኮርስ ልዩ ነው» ይበሉ። ችግሩ ጥናቶቹ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ኮርሶች ላይ መሆናቸው ነው፤ የእርስዎ ኮርስ ከነዚህ አንዱ ከሆነ መልሱ አያስኬድም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ይልቅ «ተማሪዎቼ ንግግሬን ይወዱታል» ማለት ይሻላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች ተደርጎ በወጣው ጥናት፣ ጥሩ ንግግር ያዳመጡት ተማሪዎች የበለጠ እንደተማሩ ተሰምቷቸው ነበር። ሲፈተኑ ግን የበለጠ የተማሩት በችግር እየታገሉ የሠሩት ሆኑ። እርስዎ ሲጠቅሱት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይጥቀሱ።

የከፋው ማስረጃ ከዚሁ ከኦሃዮ ነው፤ ስለዚህ «እዚህ አይሠራም» አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሲንሲናቲ ስቴት፣ ካያሆጋና ሎሬን የሚባሉት ሦስት የኦሃዮ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረውን ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም ሞከሩ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን በየጊዜው የሚያገኘውና በስሙ የሚያውቀው አማካሪ፣ አስጠኚ፣ የመጽሐፍ ድጎማ፣ ለነዳጅ ወይም ለአስቤዛ የምትሆን ወርኃዊ ካርድ ተሰጠው። ሌላው ወገን እንደማንኛውም ተማሪ ቀጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ወገን 35 በመቶ፣ ከሁለተኛው 19 በመቶ ተመረቀ። የመመረቂያው መስፈርት ለሁለቱም አንድ ነበር። «ማዘን ደረጃ ያወርዳል» የሚለውን የተከበረ እምነትዎን ይህ ቁጥር ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ለባልደረቦችዎ ባያሳዩት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ተቃውሞ አለ፤ ቀልዱን ገታ አድርጌ ልመልስለት። ኤሳፕ ገንዘብ ነው፣ መምህር አይደለም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ብዙው መምህር በኮርስ ተከፋይ ነው፤ ከአንዱ ካምፓስ ወደ ሌላው በመኪና ይሮጣል፣ ቢሮ የለውም፣ ቢሮ የሌለውን ሰው ስለ ቢሮ ሰዓት መውቀስ ግፍ ነው። እውነት ነው፤ ከኮሌጁ አስተዳደር የሚጠየቀውን ከመምህሩ ኪስ መጠየቅ አይገባም። ነገር ግን ሦስት ሰከንድ መጠበቅ በጀት አይፈልግም። ስም መያዝም፣ ወረቀት በሳምንቱ መመለስም፣ ሁለት ቀን የቀረን ተማሪ በአንዲት አጭር መልእክት «ደህና ነህ?» ማለትም እንዲሁ። ጊዜ ያጠረው መምህር አንዱን መርጦ ቢያደርግ ማንም አይከሰውም። የምንነጋገረው ጊዜ ስላለው፣ ጊዜውን ግን ለማስፈራራት ስለሚያውለው መምህር ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የመጨረሻው ምሽግዎ «ተማሪው ራሱ ባዶ ሆኖ ነው የመጣው» የሚለው ነው። ለዚህ ብዙ አጋዥ ያገኛሉ። አገር ቤት በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሪሜዲያል በሚባለው ማካካሻ ብዙዎችን ተቀበሉ። ኮሎምበስም ቢሆን እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታ ልጅ ክፍልዎ ይገባል። ማማረር መብትዎ ነው፤ ሽንኩርቱ ጥሬ ሆኖ ቀረበልኝ ብሎ የሚያማርር ወጥ ሠሪም መብቱ ነው። ዩሪ ትሪስማን የተባለው የሒሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ላይ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ለምን እንደሚከብዳቸው ሲያጠና፣ ስንፍናም የዝግጅት ማነስም የተገመተውን ያህል ምክንያት ሆነው አላገኛቸውም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። ትምህርቱን አላቀለለላቸውም፤ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጥቶ አብረው እንዲታገሉት አደረገ፤ ውጤታቸው ተሻሻለ። (በቡድን መሥራት አገር ቤት «አንድ ለአምስት» በተባለ ጊዜ ስሙ ጠፍቷል፤ በስም ዝርዝር የተዋቀረና በጥያቄ የተሰባሰበ ቡድን ግን አይመሳሰሉም።) እርስዎ ይህን አይሞክሩ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ማስረዳት ከጀመሩ ስላይዱን ማን ያዳምጠዋል?

ይህ ሁሉ ካልሠራ «እኛንስ ማን አዘነልን? ያሳደገን ጥብቅ መምህር ነው» ይበሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ይስማማልዎታል፤ ከዚያ ጠረጴዛ የደረሰው ያለፈው ብቻ ነውና። አብሯችሁ ገብቶ በዚያው መምህር የወደቀው፣ ሻንጣውን ይዞ ከዶርም የወጣው፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ልጅ እዚያ ተቀምጦ አይመሰክርም። የምስክር አመራረጥዎ እንከን የለበትም።

ለብሌንደን ወላጆች አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ኮርስ ወድቆ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ስንት ሰው አብሮት እንደወደቀ ጠይቁት። ብቻውን ከሆነ ተቆጡ። ግማሹ ክፍል ከሆነ ግን ለልጁ ያዘጋጃችሁትን ቁጣ አቆዩትና በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱን ማን እንደሚሰጥ ሳያጣራ እንዳይመዘገብ ንገሩት፤ የቢሮ ሰዓት ማለትም ለእርሱ የተመደበ ሰዓት መሆኑን፣ በሩን ማንኳኳትም ነውር እንዳልሆነ ዛሬውኑ አስረዱት።